የአጎቴ ቤላሩስ ትራክተር አልነሳ አለ፤ ፖምፓው ይፈታ ወይስ አይፈታ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ፣ ሐሳቡም እየተጠላለፈ ስለሄደ፣ ነገ ተመሳሳይ ችግር የሚገጥመው ሰው ፍሬውን ከገለባው ሲለይ እንዳይውል የተባለውን ሁሉ በየቁጥሩ በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ትራክተሩ በተለምዶ ቤላሩስ የምንለው ኤምቴዜድ 80 ነው። ሚንስክ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ የተመረተ ሞዴል ሲሆን፣ ዲ-240 የሚባል ባለ አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር፣ 80 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ተሸክሟል። አጎቴ ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆሎና ጤፍ ያርሱበታል፤ ለጎረቤትም በኪራይ ያርሳሉ። ከመኸሩ ሥራ በኋላ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሞ ከረመ። በግንቦት ዝናቡ ጠብ ሲል ሊያስነሱት ቢሞክሩ ሞተሪኖው (በባትሪ ሞተሩን የሚያስነሳው) ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። በእጅ ፓምፑ ናፍጣ ሲገፋለት ጥቂት ነጭ ጭስ ይተፋል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ያስላል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

የተጠራው መካኒክ ኮፈኑን እንደከፈተ ፖምፓው (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው ዋናው ፓምፕ) አልቋል፣ ይፈታና አዲስ አበባ ሄዶ ይለካ አለ። ይህ አልተዋጠልኝም። በቆመበት ቀን ደህና ሲሠራ የነበረ ፖምፓ ያለ ምንም ፈተና አልቋል ሊባል አይገባም። ፖምፓ ከቦታው ሲነሳ ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ ሲመለስም የመርጫ ጊዜው ካልተስተካከለ ደህና የነበረውን ሞተር ያበላሻል። የዝናቡ ጊዜ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ፖምፓው ላይ ቁልፍ ከመግባቱ በፊት ምን ምን ይፈተሽ? በምን ቅደም ተከተል?

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ከሞጆ ነው። በትሕትና ሰላምታ አቅርቦ፣ ምክር ከመስጠቱ በፊት ስለ ጭሱ፣ ስለ ሞተሪኖው ፍጥነትና ናፍጣው መቼ እንደተሞላ ጠየቀ። ሞተሪኖው እየዞረ ከማርሚታው (ከጭስ መውጫው) ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ እየደረሰ አይደለም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን ሳይቃጠል ወጥቷል፤ ይህ የሚሆነው ሙቀቱ ሲያንስ፣ የመጨመቅ አቅሙ ሲደክም ወይም መርጨቱ ሲዛባ ነው። ጥቁር ከሆነ አየር ታፍኗል ወይም ናፍጣ በዝቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። የእኛው ጥቂት ነጭ አሳይቶ መጥፋቱ ወደ ናፍጣ መስመሩ ይጠቁማል ብሎ ደመደመ። ይህን መልስ ብቻ አንብቦ የሚሄድ ሰው እንኳ የመንገዱን ግማሽ ሄዷል ብዬ አምናለሁ።

መልስ 2

ሁለተኛው ባትሪ ላይ አተኮረ። ኤምቴዜድ 80 ከፋብሪካ ሲወጣ እያንዳንዳቸው 6 ቮልትና 215 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሁለት ትላልቅ ባትሪዎች በተከታታይ ታስረውለት ነው። እነዚያ ሲሞቱ ሰው ከፒክአፕ የወጣ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያስርበታል። ሞተሪኖው በዚህም ይዞራል፣ ግን አዟዟሩ ደካማ ነው። ናፍጣ ሞተር በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ዙር ካላገኘ አየሩ ቀስ ብሎ ሲጨመቅ ሙቀቱን ለብረቱ ያስረክባል፣ በፒስተኑ ጎንም ያፈተልካል። እንግዲህ ሞተሪኖው መዞሩን ብቻ አይታችሁ ባትሪው ደህና ነው አትበሉ፤ ሞተሪኖው እየሠራ ሳለ በቴስተር ለኩ፤ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ አለ። ለገመዱ ቅጥነትና ለመሬት ማሰሪያው ዝገትም ትኩረት እንድንሰጥ አሳሰበ።

መልስ 3

ሦስተኛው ወጣት ይመስለኛል። ይህን ሁሉ ትታችሁ የአየር ማስገቢያው ላይ ኤተር (በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ) ንፉበት፣ ካጣችሁ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አስጠጉለት፣ በአንድ ጊዜ ይነሳል አለ። እርሻ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ምክር ሰምቶታል።

መልስ 4

በዚህ ላይ በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ ገቡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በመንግሥት እርሻ ትራክተሮች ላይ እንዳሳለፉ ተናገሩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራቸው ቁጣ ነበር፤ የማያውቁትን ሰው ሞተር ለማፍረስ የሚመክር ሰው ዝም ቢል ይሻለዋል አሉ። ከቁጣው በኋላ ያስከተሉት ማብራሪያ ግን ከክሩ ሁሉ ለእኔ የከበረው ነው።

የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። በዚህ ሞተር አየሩ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ገደማ ተጨምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል፣ በልኩ ጊዜ የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ፖምፓው መርጨት የሚጀምረው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሊደርስ የሞተሩ ዋና ዘንግ 26 ዲግሪ መዞር ሲቀረው ነው፤ ቃጠሎው የሚበረታው ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ነው። ኤተር ግን 200 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀጣጠላል፣ ከአየሩ ጋር አብሮ ስለገባም የፖምፓውን ጊዜ አይጠብቅም። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ከላይ ይፈነዳበታል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይሰበራል፣ ፒስተኑ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴ ዘንጉ ይጎብጣል። ቤንዚኑ ደግሞ በመጨመቅ ብቻ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ፋሻውን ደረቅ ያስቀረዋል፣ በእሳትም ሰው ያቃጥላል።

ከሁሉ የከፋው ሲሉ የጨመሩት ነገር ይህ ነው። ብዙ የቤላሩስ ሞተሮች የአየር ማስገቢያው ላይ ለብርድ የሚሆን፣ ቁልፉ ሲዞር ግሎ ናፍጣ የሚያነድ ማሞቂያ አላቸው። እሱ እየጋለ ኤተር የነፋ ሰው እሳቱን ፊቱ ላይ ይቀበላል። አዳማ በግንቦት ሞቃት ነው፤ ደህና የሆነ ሞተር ያለ ማሞቂያውም መነሳት አለበት። ስለዚህ ኤተር መንፋት ችግሩን መሸፈን እንጂ መፍታት አይደለም ብለው ጨረሱ።

መልስ 5 እና 6

ሦስተኛው መላሽ ተቀይሞ ተመለሰ። ለዓመታት ሲያደርገው እንደኖረ፣ አንድም ሞተር እንዳልተበላሸበት ጻፈ፣ አዋቂነት በዕድሜ አይለካም የሚል ቃልም ጨመረ። ይህ ቃል ብዙዎችን አስቆጣ። ስድስተኛው መላሽ ከዴራ ሆኖ በለዘበ አንደበት መለሰለት፦ የጎረቤቱ ትራክተር በኤተር ሲነሳ ኖሮ ኋላ ያለ ኤተር አልነሳም ብሏል፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲወርድ የላይኛው ፋሻ በሁለት ሲሊንደር ተሰብሮ ተገኝቷል። ጉዳቱ የሚታየው በዕለቱ ሳይሆን ሰንብቶ ስለሆነ ነው ሰው የማያምነው አለ። እኔም በዚህ ከአዛውንቱ ጋር ነኝ። አጎቴ ትራክተሩን የገዙት በብድር ነው፤ ለአንድ ጠዋት መነሳት ተብሎ አደጋ ላይ አይጣልም።

መልስ 7

ሰባተኛዋ ከአዋሽ መልካሳ ናት፤ የእርሻ መሣሪያ ጉዳይ ሥራዋ እንደሆነ ነገረችን። ሁሉም ስለ ሞተር ሲያወራ ስለ ናፍጣው ማንም አለማውራቱ ገረማት። ግማሽ ባዶ ሆኖ የከረመ ታንክ ውስጥ ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሠራል። ጤዛው ወደ ታች ይወርዳል፣ ምክንያቱም ናፍጣ ከውኃ ይቀላል። በውኃውና በናፍጣው መካከል ደግሞ ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ዝቃጭ ይሆናሉ፣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ይዘጋሉ። በጄሪካን የሚመጣ ናፍጣ ላይ የነጭ ጋዝ ቅልቅል መጠርጠርም ተገቢ ነው አለች። ፈተናው ቀላል ነው፦ ከታንኩ ወለል በሚያሳይ ጠርሙስ መቅዳት፣ ሳይነኩ ማሳደር፣ ጠዋት ማየት።

መልስ 8

ይህ የእኔ ነው። ጠርሙሱ አድሮ ከታች ጣት የማይሞላ የውኃ ንጣፍ፣ ከላዩ ቡናማ እንደ ንፍጥ የሚጎተት ነገር አሳየ። ታንኩን አፍስሰን አጠብነው፣ የደለል ማጣሪያው ብርጭቆ ወርዶ ተጸዳ፣ የውስጥ ፊልትሮው ተቀየረ። ባትሪው ሲለካም ሁለተኛው መላሽ እንደተናገረው ሆነ፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9 ቮልት በታች ይወርዳል። ከጎረቤት ጠንካራ ባትሪ ተውሰን፣ የመሬት ማሰሪያውን በብረት ብሩሽ አጽድተን ብንሞክር አዟዟሩ ሌላ ሆነ። ሞተሩ ግን አሁንም አልተነሳም።

መልስ 9

ዘጠነኛው መላሽ በመክፈቻው ላይ ያልኩትን አረመ፤ እርማቱም ትክክል ነው። ይህ ዓይነት ፖምፓ ቆሞ ስለከረመ ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ጥርስ ያለው ዘንግ በዝገትና በደረቀ ናፍጣ ባለበት ይጣበቃል። በማቆሚያው ቦታ ላይ ከተጣበቀ ሞተሪኖው እስኪቃጠል ቢዞር ጠብታ አይረጭም። ይህን ለማወቅ ግን ፖምፓውን ማውረድ አያስፈልግም። የጎን ክዳኑን ከፍቶ ዘንጉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በነፃነት መንቀሳቀሱን ማየት ይበቃል። ተጣብቆ ከሆነ ንጹሕ ናፍጣ አጠጥቶ በትዕግሥት ማላቀቅ ነው፤ በመዶሻ መምታት ክልክል ነው። የእኛው ያለ ችግር ይንቀሳቀስ ነበር። ፖምፓው አልቋል የሚለው ፍርድ በዚህ ጊዜ ለእኔ ይበልጥ ሳሳ።

መልስ 10 እስከ 13

እዚህ ላይ ክሩ ከመስመሩ ወጣ። አንዱ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ እዚሁ ከተማችን፣ ያኔ ናዝሬት ስትባል፣ የተቋቋመውን የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ አነሳ፤ ቤላሩስ በየገጠሩ የተበተነው፣ መለዋወጫውም በየሱቁ የሚገኘው በዚያ ምክንያት ነው አለ። ሌላው ከዚያ ቀድሞ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አካባቢው ከሞተር ጋር ተዋወቀ ብሎ አረመው። ከአሰላ የጻፈው ግን ነገሩን አከረረው። ከአብዮቱ በፊት በአርሲ ጭላሎ ትራክተር ሲገባ ባለመሬቶች ጭሰኛውን ከእርሻ ያስነሱት እንደነበር አስታውሶ፣ ስለ ትራክተር በናፍቆት ብቻ መናገር ተገቢ አይደለም አለ። የተነሱ ጭሰኞች የልጅ ልጅ መሆኑንም ጻፈ።

አሥራ ሦስተኛው ይህ የጥገና ክር ነው፣ ፖለቲካችሁን ሌላ ቦታ አውሩ ብሎ በቁጣ መለሰለት። ቁጣው አላስደሰተኝም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነት እስኪቀር ድረስ የሆነው ነገር የእውነተኛ ሰዎች ታሪክ ነው፣ በጨዋ ቃል የተጻፈም ነበር። ዛሬ አጎቴ የሚያርሱት መሬትም ከዚያ ታሪክ ውጭ አይደለም። ቢሆንም ክሩ ወደ ሞተሩ መመለስ ነበረበት፣ ተመለሰም።

መልስ 14

አሥራ አራተኛው አየር ስለማስወጣት ጻፈ። መስመሩ ተከፍቶ ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ አየር ሳይወጣ ሞተር ይነሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ናፍጣ ስለማይታመቅ ግፊቱ ናፍጣውን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨውን ኖዝል ይከፍታል፣ አየር ግን ፖምፓው ውስጥ ይታመቃል፣ ይለጠጣል፣ ኖዝሉ ሳይከፈት ይቀራል። የዚህ ሞተር ኖዝል እስኪከፈት ከተለመደው የአየር ግፊት 175 እጥፍ ያህል ግፊት ይፈልጋል። አሠራሩን እንዲህ አስቀመጠ፦ መጀመሪያ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ቡሎን ማላላትና አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወጣ የእጅ ፓምፑን መግፋት፤ ቡሎኑን ማጥበቅ፤ ከዚያ የፖምፓውን የአየር ቡሎን አላልቶ እንዲሁ ማድረግ። በመጨረሻ ኖዝሎቹ ላይ የገቡትን የብረት ቱቦዎች ዳዶ በግማሽ ዙር አላልቶ፣ ሞተሪኖውን አዙሮ፣ ናፍጣ ብልጭ ብልጭ ሲል ማጥበቅ።

መልስ 15 እና 16

አዛውንቱ መካኒክ ተመልሰው ሁለት ነገር ጨመሩ። አንደኛ፣ ሥራው ሲያበቃ የእጅ ፓምፑ እጀታ ወደ ታች ተገፍቶ በጥርሱ እስከ መጨረሻው መታሰር አለበት፤ ላልቶ ከቀረ ሞተሩ ሲዞር በዚያው አየር ይስባል፣ ሰውየውም ስንት ጊዜ አየር እንዳስወጣ እየቆጠረ ይውላል። ሁለተኛ፣ የናፍጣ መውጣትን በጣት አትፈትሹ። ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል፣ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ታህል ይሆናል፣ ውስጥ ግን ሥጋውን ይመርዛል። እንዲህ የተወጋ ሰው ባያምመውም በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ አሉ። አሥራ ስድስተኛው ወንድሙ በዚህ ምክንያት አመልካች ጣቱን እንዳጣ መሰከረ። ይህን ክፍል በተለይ ልጆች ባሉበት ጋራዥ የሚሠሩ ሰዎች ደግመው እንዲያነቡት እለምናለሁ።

መልስ 17

አንድ ሌላ መካኒክ ሞተሩ አርጅቷል፣ ፋሻ ጨርሷል፣ ይውረድ፣ ሲሊንደሩ ይቀየር አለ። ያየውም የለካውም ነገር የለም።

መልስ 18

አሥራ ስምንተኛው ሲመልስለት ቃሉን አልመረጠም፤ ያላዩትን ሞተር አውርዱ ማለት የገበሬ ኪስ መዳበስ ነው አለ። ቃሉ ሻካራ ቢሆንም መከራከሪያው ጠንካራ ነበር። መጨመቁ ደክሟል የሚል ሰው ቢያንስ የዘይት መሙያውን ክዳን አንስቶ ትንፋሹን ይይ፤ ቢያንስ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሮ አዟዟሩ ይለወጥ እንደሆነ ይፈትሽ፤ የቫልቭ ክፍተቱን ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ላይ መሆኑን ይለካ። አራቱም ሲሊንደሮች በአንድ በጋ አብረው አይደክሙም። አራቱንም በአንድ ጊዜ የሚያቆም ነገር ለአራቱም የጋራ ከሆነ ቦታ ይፈለጋል፦ ከአየሩ፣ ከናፍጣው ወይም ከአዟዟሩ።

መልስ 19

እንደገና የእኔ ነው። አየሩን እንደተባለው አስወጣን፣ የእጅ ፓምፑንም አሰርን። ሞተሩ ተነሳ። አጎቴ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ግን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ደህና ዞሮ ድምፁ መዋዠቅ ጀመረ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ቆየና ጠፋ። አየር ስናስወጣ እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ጠፋ። ቱቦዎቹን ሁሉ ዳሰስናቸው፣ የሚያንጠባጥብ አላገኘንም።

መልስ 20

አዛውንቱ ይህን ሲያነቡ ደስታቸው ከጽሑፋቸው ይታይ ነበር። ከታንኩ እስከ ትንሹ ሳቢ ፓምፕ (ናፍጣ ስቦ ለፖምፓው የሚያቀብለው) ያለው መስመር በመምጠጥ የሚሠራ ስለሆነ ቀዳዳ ቢኖረው ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ። ከትንሹ ፓምፕ በኋላ ያለው ግን ግፊት ስላለው ያንጠባጥባል። ስለዚህ ደረቅ ሆኖ አየር የሚስብ ወይም የታነቀ ቦታ ከፊተኛው በኩል ፈልጉ አሉ።

ፈተናውንም ሰጡን። ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጄሪካን ከሞተሩ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ። ውስጡ በሚያሳይ ቱቦ በቀጥታ ትንሹ ፓምፕ ላይ አስገቡት፣ የታንኩን መስመር ጨርሶ ተዉት። አየር አስወጡና አስነሱ። ሳይጠፋ ከሠራ ከትንሹ ፓምፕ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ያ አልቋል የተባለው ፖምፓም ጭምር፣ ነፃ ወጣ ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ከጠፋ ጥፋቱ ትንሹ ፓምፕ ላይ ወይም ከእሱ በኋላ ነው፣ ያኔ ስለ ፖምፓው እንነጋገራለን። ምንም የማይፈርስበት፣ ገንዘብ የማይወጣበት፣ ጥርጣሬውን ለሁለት የሚከፍል ፈተና ነው። እኔ በበኩሌ ጥሩ መካኒክ የምለው እንዲህ የሚያስበውን ሰው ነው።

መልስ 21

አንዲት አባል ጄሪካኑን ከሚግለው ማርሚታ አርቁት፣ በገመድም እሰሩት ብላ አስጠነቀቀች። አጭር ግን ተገቢ ምክር ነበር።

መልስ 22

ውጤቱን የጻፍኩበት ነው። በጄሪካኑ ሞተሩ ተነሳና አልጠፋም። ጋዝ ሰጠነው፣ ለቀቅነው፣ እንደገና ሰጠነው፤ ድምፁ አልተዋዠቀም፣ ነጩ ጭስም እየሳሳ ጠፋ። በገዛ እጃችን ስናጠፋው ብቻ ቆመ። የቀረን ከታንኩ እስከ ትንሹ ፓምፕ ያለው መስመር ነበር።

የጎማ ቱቦውን አውልቀን በአፍ ስንነፋበት አየር ያሳልፋል፤ ስንስብበት ግን ይዘጋል። በቢላ በርዝመቱ ሰነጠቅነው። ከውጭ ጥቁር፣ አዲስ የሚመስል ቱቦ ነው፤ ከውስጥ ሽፋኑ አብጦ፣ ለስልሶ፣ በአንድ በኩል ከግድግዳው ተላቆ ምላስ ሠርቷል። ትንሹ ፓምፕ ሲስብ ምላሱ ይነሳና መተላለፊያውን ይደፍነዋል፤ መሳቡ ሲያቆም ተመልሶ ይተኛል። በእጅ ቀስ ተብሎ ሲገፋ ናፍጣ የሚያልፈው፣ ሞተሩ ሲፈጥን የሚታነቀው ለዚህ ነበር። ቱቦው የውኃ ቱቦ እንጂ ናፍጣ የሚችል አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት በአንድ ጥገና ላይ የተቀየረ ነው። የደለል ማጣሪያው መግቢያ ላይ ያለው የመዳብ ቀለበትም ጠርዙ ተበልቶ ስለነበር አብሮ ተለወጠ።

መልስ 23 እስከ 27

እነዚህ በአብዛኛው የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክቶች ናቸው። ሁለት ሰዎች ግን ባትሪ ነው ባለውና አየር ነው ባሉት መካከል ማን ትክክል ነበር በሚል ተጋጩ። እኔ እንዳየሁት ደካማው ባትሪ፣ ውኃው፣ ቱቦው ሁሉም በየድርሻቸው ነበሩበት፤ ባትሪው ባይስተካከል ኖሮ በጄሪካኑም ቢሆን መነሳቱን እጠራጠራለሁ። አንዱ ደግሞ ቱቦውን የሸጠውንና የገጠመውን ሰው ስም እንዳወጣ ወተወተኝ። አላወጣሁም። የማወጣበት ምክንያትም የለኝም፤ ናፍጣ የሚችለውና የማይችለው ቱቦ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀላቅሎ በሚሸጥበት ገበያ ውስጥ ገጣሚው ብቻውን አይጠየቅም።

ከአዋሽ መልካሳ የጻፈችው አባል በዚህ ላይ የሚጠቅም ነገር ጨመረች። ከመግዛታችሁ በፊት የቱቦውን ቁራጭ ለምኑና ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ካበጠ፣ ከለሰለሰ ወይም ናፍጣውን ካጠቆረ አትግዙት አለች። እኛም ከሦስት ሱቅ ቁራጭ ለምነን ዘፈዘፍን፤ ያላበጠው አንዱ ብቻ ነበር፣ የገዛነውም እሱን ነው።

መልስ 28

ሦስተኛው መላሽ ተመለሰ። ኤተር መንፋቱን እንደሚተው አልጻፈም። ነገር ግን የጄሪካኑን ፈተና ለራሱ ደንበኛ ትራክተር እንደተጠቀመበትና እንደሠራለት ገልጾ አዛውንቱን በአንቱታ አመሰገነ። እሳቸውም ልጄ ብለው መለሱለት፣ ሞተሪኖ ሲያዞር ከአሥር ሰከንድ በላይ አከታትሎ እንዳይዝና በመካከሉ እንዲያሳርፈው መከሩት።

መልስ 29

በቤንዚን በሚነሳ ትንሽ ሞተር የሚቀሰቀስ የቆየ ቤላሩስ ያለው ሰው ከዶኒ ጠየቀ፤ ትንሹ ሞተር ይነሳል፣ ትልቁን ግን አያዞርለትም። አዛውንቱ ሁለቱን ሞተሮች የሚያያይዘውን ፍሪሲዮን እንዲያይ ነግረውት፣ ዝርዝሩን በራሱ ክር እንዲከፍት ጠየቁት፤ ከፍቷል፣ ውይይቱም ቀጥሏል።

መልስ 30

የመጨረሻው የእኔ ነው። ትራክተሩ እያረሰ ነው፤ አጎቴ የራሳቸውን ማሳ ጨርሰው ለጎረቤት ገብተዋል። ፖምፓው ከቦታው አልተነቃነቀም። የቀረን የአየር ማስገቢያው ማሞቂያ ነው፤ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወደ አሰላ በኩል በብርድ ጠዋት ለሥራ ሲሄዱ ያስፈልጋቸዋል። ሁለቱን ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በአንድ ላይ ማግኘትም አስቸግሮናል። አዳማ ውስጥ ማሞቂያውን ወይም ባትሪዎቹን የት እንደሚገኙ የሚያውቅ ካለ እዚሁ ሥር ይጻፍልን።